የበዓል ካርዱ ላይ ያለችው ልጅ

«እትዬ ሙጫ» የሚለውን ስም ያወጣላት የሰፈሩ ፖስተኛ ነው። አንድ ቀን ጥቅል አምጥቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ብሎ ወረቀቱን ቢሰጣት፣ ከጣቷ አልላቀቅ ብሎ እሷም እሱም ሲጎትቱት መሃል ለመሃል ተቀደደ። ፖስተኛው ሳቁን አፍኖ ወጣ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን መንገዱ ሁሉ እትዬ ሙጫ ይላት ጀመር። እሷም አልከፋትም። ውላ የምታድረው ከወረቀትና ከመቀስ ጋር ስለነበር ስሙ በልኳ እንደተሰፋ ቀሚስ ገጠማት።

ከዚያ በፊት ሠላሳ ሁለት ዓመት ፎቶ ቤት ሠርታለች። ሥራዋ ሪታች ነበር፤ ከጨለማው ክፍል የወጣውን ኔጌቲቭ ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ዘርግታ፣ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስና በቀጭን ብሩሽ የሰውን ፊት ታስተካክላለች። ቡግር ታጠፋለች፣ ከዓይን ሥር የወደቀውን ጥላ ታነሳለች፣ የተጨማደደ ግንባር ትዘረጋለች። ባለ ፎቶ ቤቱ ቁጡ ሰው ነበር። አንዲት ኪንታሮት ሳትጠፋ ካለፈች «እውነቱን የፈለገ ሰው ቤቱ መስታወት አለው፤ እኛ ጋ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው» ይላታል። ይህን ስትሰማ እጇን አሠለጠነች። ኋላ ኋላማ አውቶቡስ ውስጥ ከፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው ጉንጩ ላይ ጠባሳ ካየች ጣቶቿን ይበላት ጀመር።

ካሜራ በየሰው ኪስ ሲገባ ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። እሷ ከዚያ ይዛ የወጣችው ብሩሾቿንና ያንን መብራት ያለውን መስታወት ብቻ ነው። ባል አግብታ አታውቅም፤ አብራት የምትኖረው የሟች እህቷ ልጅ ናት፣ አስተማሪ። «አክስቴ፣ ብሩሹን ትተሽ ይህችን ያዣት» ብላ ማውዝ ያስጨበጠቻት እሷ ናት። መጀመሪያ አካባቢ እትዬ ሙጫ ማውዙን ከጠረጴዛው አንስታ በአየር ላይ እየቀዘፈች «የት አለ፣ አልሄድ አለኝ እኮ» ትል ነበር። በዓመቱ ግን የእህቷ ልጅ ራሷ እየጠየቀቻት ትማር ጀመር።

መንገድ ዳር ያለችው የፊት ክፍላቸው መሥሪያ ቤት ሆነች። በመስኮቱ ሥር ስካነር፣ ከጎኑ ሥራ ሲጀምር እንደ ጉንፋናም ሰው የሚያስል ፕሪንተር፣ በግድግዳው ላይ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ መሳቢያዎች። ሰዎች ያረጁ፣ የታጠፉ፣ አይጥ የቀመሳቸው ፎቶዎች ያመጡላታል፤ እሷ ስካን አድርጋ፣ አጽድታ፣ ገጽ በገጽ በኮምፒውተር አቀናብራ፣ ከሥራቸው ጽሑፍ ጨምራ አልበም ታደርጋቸዋለች። የፈለገ በስልኩ ይወስዳል፣ የፈለገ በመጽሐፍ መልክ ይታተምለታል። በዓል ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። የድሮ ፎቶ ያለበት ካርድ፣ በክር የሚንጠለጠል የወረቀት ኮከብ፣ የሻማ መጠቅለያ። ለዚህኛው የምትጠቀመው ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የምትገዛቸውን የማታውቃቸውን ሰዎች ፎቶ ነው። «ባለቤት የሌላቸው ፊቶች» ትላቸዋለች። እንዲህ ስትል ክፋት የለባትም፤ እንዲያውም ከመጣል እንዳዳነቻቸው ነበር የምታስበው።

አንድ ዓመት፣ በዓሉ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ነጋዴው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞላት መጣ።

«ከአንድ አናጢ የመሣሪያ ሣጥን ሥር ነው ያገኘሁት» አላት። «ከሚስማር በታች ተቀብሮ ነበር። ለኔ ምንም አይሠራልኝም፤ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

በጨርቅ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ፎቶዎች ነበሩ። ከሁሉ በላይ ዓይኗን የያዘችው አንዲት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። እግሯ መሬት የማይደርስበት ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በእጇ በመቀስ የተቆረጠ የወረቀት ኮከብ ይዛለች። የምታየው ካሜራውን አልነበረም፤ ከጎን ሆኖ የሚያስቃት ሰው ያለ ይመስል ወደዚያ ዘንበል ብላለች። ወረቀቱ እርጥበት በልቶት ነጠብጣብ ሆኗል፤ ከላይ ከጥግ የተነሳ ስንጥቅ የልጅቱን ግንባር አቋርጦ ወርዷል።

እትዬ ሙጫ ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካችም። ነጠብጣቡን ለቅማ ጨረሰች፣ ስንጥቁን ደፈነች፣ ፊቱን እንደ ወተት አጠራችው። ከዚያ ቀለም ቀባችው። ለበዓል የሚደምቀው ቀይ ነው ብላ ቀሚሱን ቀይ፣ ኮከቡን ወርቃማ አደረገችው። ከሌሎቹ ፎቶዎች ደግሞ ደንበኛ የሚያየው የናሙና አልበም ሠራች፤ ከየፎቶው ሥርም ከሆዷ እያወጣች የሚያምር ነገር ጻፈች። ካርዱን ሁለት መቶ አትማ ለአራት ሱቆች አከፋፈለች። ልጅቱ የወጣችበት ካርድ ከሁሉም ቀድሞ ይነሳ ጀመር።

በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰባውን የተሻገሩ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆሙ። ቀጠን ያሉ፣ ጎንበስ ያሉ፣ የኮታቸው ኮሌታ ላይ ሁለት ስፒል የሰኩ ነበሩ። ስፒሎቹን ያየ ሰው ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ሳይነገረው ያውቃል።

«ይህን ካርድ የሠራሽው አንቺ ነሽ? ጀርባው ላይ አድራሻ አለው።»

«አዎ እማማ፣ ይግቡ። ስንት ልስጥዎት?»

«ስድስት አለኝ።» ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸው። «የግፊቴን ክኒን ልገዛ መድኃኒት ቤት ገብቼ ነው ባንኮኒው ላይ ያየኋት። የነበሩትን ሁሉ ገዛኋቸው። ሰው እጅ እንዳትገባ ብዬ።»

እትዬ ሙጫ ነገሩ አልገባትም። «የሚያውቋትን ልጅ መሰለችዎት መሰለኝ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል» አለች።

«አትመስልም» አሉ። «ራሷ ናት። ልጄ ናት። ከሞተች አርባ አንድ ዓመቷ።»

እትዬ ሙጫ ክው አለች። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ወደ መሳቢያው ሄዳ ቆርቆሮውን አመጣች። እናትየው ክዳኑን ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይኼን አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ባሌ አቃጠልኩት ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ ነገሯት። ልጅቱን የወሰዳት የሦስት ቀን ትኩሳት ነው። ከቀብሩ በኋላ እሳቸው ፎቶዋን ከደረታቸው ላይ አላነሳ አሉ፤ አይበሉም፣ አይተኙም፣ ስፌቱም ቆመ። አንድ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነቁ ቆርቆሮው የለም። በመስኮት ቢያዩ ባላቸው ጓሮ ቆሞ እሳት ይቆሰቁሳል። «አቃጠልኩት፤ ይበቃል፤ አንቺንም እንዳላጣሽ» አላቸው። ሌላ ቃል አልጨመረም። እሳቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሆዳቸው ውስጥ ቋጠሩ። አብረው ኖሩ፣ ወንድ ልጅ ወለዱ፣ አሳደጉ፣ ዳሩ፤ ቋጠሮው ግን አልተፈታም። ባልየው ባለፈው ዓመት ሞተ። ልጃቸው የአባቱን መሣሪያዎች ለነጋዴ የሸጠው ሣጥኑ ሥር ያለውን ሳያይ ነው።

«አርባ ዓመት ገዳይ አድርጌ ነው ያየሁት» አሉ። «ሁለተኛ ገደላት ብዬ።»

ቆርቆሮውን ግን አልከፈቱም። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ካለው የናሙና አልበም ላይ አረፈና መግለጥ ጀመሩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት በር ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው «ደስተኞቹ ሙሽሮች በአዲሱ ቤታቸው ደጃፍ» የሚል ጽሑፍ አለ። እናትየው ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

«ሙሽሮችም አይደለን፣ አዲስ ቤትም አይደለ። አከራይዋ ልቀቁ ብላን የወጣን ቀን ነው። እሱ ነው ለማስታወሻ እንነሳ ያለው። ዓይኔ እኮ አብጦ ነበር ልጄ፣ እያለቀስኩ ነበር።» ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «እብጠቱን የት አደረግሽው?»

«አጠፋሁት» አለች እትዬ ሙጫ። «ጉድለት መስሎኝ።»

«እሷስ? ጠባሳዋስ?» ካርዱን አነሱ። «ከቅንድቧ በላይ ጠባሳ ነበራት። በሦስት ዓመቷ ከስፌት መኪናዬ እግር ጋር ተላትማ። እኔ እየሰፋሁ፣ አንድ እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ። ዞር ብዬ እስካነሳት ደሙ ዓይኗ ገብቶ ነበር። ጠባሳውን ባየሁ ቁጥር ራሴን እረግም ነበር፤ አሁን ግን ያለሱ ሳያት የሰው ልጅ ሆነችብኝ። ደግሞ ይኼ ቀይ ምንድነው? ቀይ ለብሳ አታውቅም። ቀሚሷ ቢጫ ነበር፣ ከደንበኛ ገበር የተረፈ፤ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ቢጫ።»

እትዬ ሙጫ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት እጇን ስትሳም ኖራ፣ አንድም ሰው «የጠፋውን መልሽልኝ» ብሏት አያውቅም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ቆርቆሮውም የእርስዎ ነው፣ ይውሰዱት» አለቻቸው።

እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብቻዬን ልከፍተው አልችልም። እዚህ ይቆይ። ማክሰኞ እመጣለሁ።» ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ጠባሳዋን መልሺልኝ።»

በነጋታው እትዬ ሙጫ ሱቆቹን ዞረች። ሦስቱ የቀራቸውን ካርድ ያለ ብዙ ጥያቄ መለሱላት። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ባለቤት ግን ተከራከራት። «እትዬ ሙጫ፣ ሰው የሚጠይቀኝ እሷን ነው፤ ሌላውን ማን ያየዋል? በዓሉ ይለፍና ውሰጂው» አላት። «የሰው ልጅ ናት» አለችው። «የሁላችንም ልጅ የሰው ልጅ ነው» ብሎ ሊቀልድ ሲል ፊቷን አየና ከመደርደሪያው አወረደላት። ቤቷ ገብታ ብትቆጥር፣ እናትየው ከገዟቸው ስድስቱ ሌላ ሰማንያ ሦስት ካርድ የለም። ሰማንያ ሦስቱ በማታውቀው ቤት፣ በማታውቀው ሰው እጅ ገብተዋል። መመለሻም የላቸው። የእህቷ ልጅ «አክስቴ፣ አውቀሽ አላደረግሽው» ብትላት «ፊቱን እንጂ ሰውየውን ጠይቄ አላውቅም እኮ፤ ስንት ዓመት ሙሉ» አለቻት።

ማክሰኞ እናትየው በሰዓታቸው መጡ። ሁለቱ ጎን ለጎን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። እትዬ ሙጫ ቆርቆሮውን ከፍታ የልጅቱን ፎቶ አወጣች፤ እናትየው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ ጊዜ ያዙት። አላለቀሱም። ከዚያ «እንጀምር» አሉ።

ፎቶው እንደ አዲስ ስካን ሆኖ ማሳያው ላይ ሲወጣ ችግሩ ታየ። ስንጥቁ ያለፈው ልክ በጠባሳው ላይ ነው። ሁለቱ ተጣብቀው አንድ መስመር መስለዋል፤ እትዬ ሙጫም ያን ጊዜ አንድ ላይ የጠረገቻቸው ለዚህ ነበር። አሁን የትኛው የወረቀት፣ የትኛው የሥጋ እንደሆነ አልለይ አላት። ምስሉን አቀረበች፣ አሁንም አቀረበች፣ ግንባሩ ማሳያውን እስኪሞላ።

እናትየው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼ የወረቀቱ ነው» አሉ ጣታቸውን ማሳያው ላይ አስነክተው። «እዚህ ጋ ግን የሷ ነው። እዚህ ትንሽ ወደ ላይ ትታጠፋለች፣ ሐኪሙ ሲሰፋ ክሩን ስለሳበው። እዚህ ታበቃለች። ይኼኛውን አንሺው። ቀስ በይ።»

ያን ከሰዓት እትዬ ሙጫ እንደዚያ ዝግ ብላ ሠርታ አታውቅም። አንዲት ነጥብ ታነሳና እጇን ትገታለች፤ «ይቺስ?» ትላለች፤ «ተያት፣ የሷ ናት» ይባላል። በር ላይ ደንበኛ መጥቶ ቢያንኳኳም አልተነሳችም። ሲጨርሱ ስንጥቁ ጠፍቶ ጠባሳው ብቻ ቀረ፤ ከቅንድብ በላይ፣ አንድ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ። እናትየው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «መጣች» አሉ።

የቢጫው ነገር ግን አልሆነም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከጨርቅ ከረጢታቸው የቁራጭ ዓይነት ይዘው መጥተው ነበር፤ አንዱ ደመቀ፣ አንዱ ደበዘዘ፣ ማሳያው ላይ ልክ የመሰለው ሲታተም ሌላ ሆነ። አራት ጊዜ ከታተመ በኋላ እናትየው «ተይው። እንዳለ ጥቁርና ነጭ ይሁን። ቢጫውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ።

የፎቶውን ጀርባ ያዩት በዚያው ቀን ነው። እትዬ ሙጫ በእርሳስ የተጻፉ ጥቃቅን ቁጥሮች እንዳሉበት ቀድሞም አይታለች፤ የፎቶ ቤት መለያ ቁጥር መስሏት ነበር ያለፈችው። አሁን ግን ገልብጣ ስካነሩ ላይ ልታስቀምጥ ስትል እናትየው እጇን ያዟት።

«ይኼ የሱ ጽሕፈት ነው።»

ቁጥሮቹ ቀኖች ነበሩ። ቀኑና ወሩ በሁሉም አንድ ነው፤ የሚለወጠው ዓመቱ ብቻ። ልጅቱ የሞተችበት ቀን። በሦስት ዓምድ ተደርድረው እስከ ታች ይወርዳሉ፤ የመጨረሻዎቹ እጅ ሲንቀጠቀጥ የተጻፉ ናቸው። እናትየው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ መሆን ነበረበት። እንደገና ከላይ ጀምረው ሲወርዱ የጎደለውን ዓመት አገኙት፤ ጣታቸው እዚያው ቆመ።

«ያን ዓመት ሆዴን ተቀድጄ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር» አሉ። «ዘጠኝ ቀን ከአልጋዬ አጠገብ አልተነሳም። ወንበር ላይ ነው ያደረው።»

እትዬ ሙጫ እናትየው አሁን ያለቅሳሉ ብላ ጠበቀች፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«በየዓመቱ ያያት ነበር ማለት ነው» አሉ። «እዚያ ሚስማር መሃል ደብቆ፣ በሩን ዘግቶ። እኔ ጎን፣ ግድግዳው ማዶ፣ መልኳ እየጠፋብኝ፣ አፍንጫዋ እንዴት ነበር እያልኩ ስጨነቅ፣ እሱ ያያት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ነይ እንያት አይለኝም?»

«ፈርቶ ይሆናል እማማ። መጀመሪያ እርስዎን እንዳያጣ ፈራ። ከዚያ ደግሞ ውሸቱን አውጥቶ መናገሩን ፈራ ይሆናል።»

«ይሆናል» አሉ። «እኔም አንድ ቀን ብጠይቀው ኖሮ… ጠይቄው አላውቅም። ዝም ነበር የምለው፤ እሱም ዝም።» ፎቶውን ገልብጠው የልጅቱን ፊት ወደ ላይ አደረጉ። «ለማን ልናደድ አሁን? ሄዷል።»

አልበሙ በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው አለቀ። አሥራ አንድ ፎቶ፣ አሥራ አንድ ገጽ። ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ የተናገሩት እናትየው ናቸው፤ እትዬ ሙጫ ቃል በቃል ጻፈች። «ከዚህ ቤት የወጣን ቀን። አልቅሼ ነበር።» «ኮከቡን ራሷ ነው የቆረጠችው፣ በኔ ትልቅ መቀስ። አባቷ ከካሜራው ጎን ቆሞ እንደ ዶሮ ይጮህላት ነበር።» የመጨረሻው ገጽ ላይ የፎቶው ጀርባ ከነቀኖቹ እንዳለ ገባ። እሱን ማስገባት አለማስገባቱን እናትየው አንድ ሳምንት አስበውበታል።

እትዬ ሙጫ ስለ ሰማንያ ሦስቱ ካርድ የነገረቻቸው አልበሙን ስታስረክባቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ሆዷ ውስጥ ይዛው ቆይታ ነበር። «መመለስ አልቻልኩም። የት እንዳሉ አላውቅም» አለቻቸው።

እናትየው አልበሙን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ሰማንያ ሦስት ቤት ገባች በይኛ» አሉ። «በሕይወቷ የገባችው ቤት ሦስት አይሞላም። የኛ፣ የእናቴ፣ የጎረቤታችን።» ከዚያም «ቀዩ ግን አያምርባትም» ብለው ሄዱ።

በበዓሉ ዕለት እትዬ ሙጫና የእህቷ ልጅ ሊጠይቋቸው ሄዱ። ልጃቸው በር ከፈተላቸው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ግን የአባቱን ሣጥን ሳያይ በመሸጡ አንገቱን እንደ ተማሪ ሰብሯል። እህት እንደነበረችው እንጂ መልኳን አያውቅም ነበር። አልበሙን ጭኑ ላይ አድርጎ ለልጆቹ «ይህቺ አክስታችሁ ናት» ይላቸዋል። ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ የልጅቱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጥቁርና ነጭ፣ ከነጠባሳዋ። ከጎኑ ሌላ ሚስማር ተመቷል፤ ሚስማሩ ባዶ ነው።

እናትየው የእትዬ ሙጫን ዓይን ተከትለው አዩት። «የሱ ቦታ ነው» አሉ። «ገና እየተነጋገርን ነው።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ያልተሰማ ነገር ተሰማ፤ ልጃቸው ሳቀ፣ እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሙጫ የማታውቀውን ሰው ፎቶ ወዲያው ለካርድ አትጠቀምም። መጀመሪያ መስኮቷ ላይ ትለጥፈዋለች፤ «እነዚህን ሰዎች የሚያውቅ ይግባና ይንገረኝ» ብላ በትልቁ ጽፋ። አንድ ዓመት ይቆያል። የሚገባ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ጎልማሳ አንድ ሙሽራ አይቶ «አያቴ ናቸው» ብሎ ሊወስድ መጣና፣ ቀረብ ብሎ ሲያይ «አይ፣ የኔ አያት ጆሮ ትልቅ ነው» ብሎ ተመለሰ። ሁለት ቤተሰቦች ግን በእርግጥ የራሳቸውን አግኝተው ወስደዋል። የሰው ፊት ላይ ጉድለት ስታይም ጣቷን አሁንም ይበላታል፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ በቀላሉ አይተውም። ግን «ይቺን ላንሳት ወይስ ትቆይ?» ብላ ባለቤቱን ትጠይቃለች፤ ብዙ ሰው መልሱን አስቦበት ስለማያውቅ ቆም ይላል።

ከዚያ በዓል በኋላ በስምንተኛው ወር እናትየው እንደገና በሩ ላይ ቆሙ። ከቦርሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ የአንድ አናጢ ፎቶ ነው፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ።

«አሳድጊልኝ» አሉ። «ከፊቱ ላይ ግን አንድ ነገር እንዳትነኪ።»

እትዬ ሙጫ ስካነሩን ከፈተች። እናትየው ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግተው ተቀመጡ።